ድኝን ቀስ ብሎ ማሞቅ፦ ባሕርዩን በዓይን የሚያሳዩ ሙከራዎች፣ ደረጃ በደረጃ

ድኝ ሲባል ብዙ ሰው ሁለት ነገር ይመጣበታል። ቢጫ ነው፣ ይሸታል። ቢጫ መሆኑ ልክ ነው። መሽተቱ ግን የስም ማጥፋት ነው ማለት ይቻላል። ንጹሕ ድኝ ወደ አፍንጫችሁ ብታስጠጉት ብዙም አይሸትም። “የድኝ ሽታ” የምንለው ሲነድ የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ወይም ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለኬሚስትሪ መምህራን፣ ለተማሪዎችና ቤተ ሙከራ ለሚገቡ ሁሉ ነው። ድኝን (ዲን የሚሉትም አሉ፣ ሰልፈርም ይባላል) ከመጽሐፍ ላይ አንብቦ መሸምደድ ይቻላል። የአቶም ቁጥሩ 16፣ የአቶም ክብደቱ 32 ገደማ፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ይህ ሁሉ ግን በማግስቱ ይረሳል። በሙከራ ቱቦ ውስጥ ሲቀልጥ፣ ሲቀላ፣ ከዚያ ድንገት ሲወፍር ያየ ሰው ግን አይረሳውም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ቀስ በሉ። እኔ መጀመሪያ ለተማሪዎች ያሳየሁ ቀን እሳቱን ሙሉ ለቀቅኩት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ድኙ ጠቆረ፣ የቱቦው አፍ በሰማያዊ እሳት ተያያዘ፣ ክፍሉ በጭስ ታፈነ። ተማሪዎቹ እያሳሉ ወጡ እንጂ ያዩት ነገር አልነበረም። ድኝ ሙቀት ሲጨምር የሚያልፍባቸው ደረጃዎች አሉት። ከቸኮላችሁ ሁሉም አንድ ላይ ይደራረቡና አንዱንም አታዩትም።

ከመጀመራችሁ በፊት

የምትሠሩበት ቦታ ጭስ የሚስብ ማራገቢያ ያለው የቤተ ሙከራ ሳጥን ቢሆን ይመረጣል። ከሌለ ደጅ፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ በሚመጣበት ቦታ። አስም ያለበት ሰው ድኝ በሚነድበት አካባቢ አይቁም። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በትንሹም ቢሆን ደረቱን ሊያፍነው ይችላል።

የዓይን መነጽር፣ ሙቀት የሚችል ጓንት፣ የቱቦ መያዣ፣ ከሥር አሸዋ ያለበት ትሪ፣ አጠገባችሁ ደግሞ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይኑር። ጨርቁ የቱቦው አፍ እሳት ከያዘ ለማፈን ነው። ብዙ ጊዜ ይይዛል፤ አትደንግጡ። ጨርቁን አፉ ላይ ጣል አድርጉት፣ አየር ሲያጣ ይጠፋል። መንፋት የለም፣ ውሃ መድፋትም የለም።

የቀለጠ ድኝ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ይጣበቃል። እዚያው ሆኖ ያቃጥላል። ወዲያው ቢያንስ ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዙት። የተጣበቀውን ለመላጥ አትሞክሩ፣ ቆዳውን ይዞት ይመጣል። ወደ ሐኪም ሂዱ።

ድኝን ከክሎሬት፣ ከናይትሬት ወይም ከፖታሲየም ፐርማንጋኔት ጋር አትቀላቅሉ፣ በአንድ ሙቀጫም አትፍጩ። ከዚንክ ዱቄት ጋርም እንዲሁ። በእነዚህ ድብልቆች ሰዎች ጣት አጥተዋል፣ ዓይን አጥተዋል። “ትንሽ ብቻ” የሚባል ነገር እዚህ ቦታ አይሠራም።

ስለ ዕቃው ጥራትም አንድ ቃል። ለአትክልት የሚሸጠው ድኝ ብዙ ጊዜ ሸክላ አፈር ወይም በውሃ እንዲበጠበጥ የሚያደርግ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል። እሱ በወጉ አይቀልጥም፤ ይጨናገፋል። በዱላ ቅርጽ የተጋገረውን ወይም ድፍን ቁራጩን አግኝታችሁ ብትወቅጡት ይሻላል።

1. ሳታሞቁ እዩት

አንድ ድፍን የድኝ ቁራጭ በመዳፋችሁ ጨብጡና ወደ ጆሯችሁ አስጠጉ። ዝም በሉ። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ስስ ድምፅ ትሰማላችሁ። ድኝ ሙቀትን ወደ ውስጥ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። የእጃችሁ ሙቀት ላይኛውን ሽፋን ሲያሰፋው ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ነው። እዚህ መሐል ይሰነጠቃል። የምትሰሙት እሱን ነው። ቆንጆ ክሪስታል ካላችሁ በዚህ መንገድ አታበላሹት፣ በተራ ቁራጭ አድርጉት።

ቀጥሎ ቁራጩን በሱፍ ጨርቅ ፈትጉት፣ ከዚያ በትንንሽ የተቀደደ ወረቀት ላይ አስጠጉት። ወረቀቱ ብድግ ብሎ ይለጠፍበታል። ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በፍትጊያ ያገኘውን ቻርጅ ይዞ ይቆያል። በ17ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው ተመራማሪ ኦቶ ፎን ጌሪክ ከድኝ የተሠራ ኳስ እያሽከረከረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያመነጭ የነበረው በዚሁ ባሕርይ ነው።

አሁን አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ ጥቂት የድኝ ዱቄት ነስንሱ። ይንሳፈፋል። ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። የድኝ እፍጋት የውሃን እጥፍ ያህላል፣ መስመጥ ነበረበት። የማይሰምጠው ውሃ ስለማያረጥበው ነው። የውሃው የላይ ቆዳ ተሸክሞታል። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ። ዱቄቱ እየተንጠባጠበ ወደ ታች ይወርዳል። ይህቺ ትንሽ ነገር ለሕክምና ላቦራቶሪም ትጠቅም ነበር። የሐሞት ጨው ያለበት ሽንት ላይ የድኝ ዱቄት ሲነሰነስ ይሰምጣል፣ ሌላው ላይ ይንሳፈፋል። የሐሞት ጨውም እንደ ሳሙና ነው የሚሠራው።

2. ማቅለጥ

ዋናው ሙከራ ይሄ ነው። ጊዜ ስጡት፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ።

ወፈር ያለ የሙከራ ቱቦ ሲሶ ያህሉን በተወቀጠ ድኝ ሙሉ። 10 ግራም ገደማ ይበቃል። በቱቦ መያዣ ያዙት፣ አፉን ከሰው አዙሩት። የበርነሩን እሳት ዝቅ አድርጉ። ቱቦውን ከእሳቱ ከፍ አድርጋችሁ ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሱት። አንድ ቦታ አታቁሙት። እያዞራችሁ ከላይም ከታችም እኩል ይሙቅ።

ወደ 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መቅለጥ ይጀምራል። ቀስ ካላችሁ ጥርት ያለ፣ የማር ቀለም ያለው፣ እንደ ቀጭን ዘይት የሚፈስ ፈሳሽ ታገኛላችሁ። ቱቦውን ዘንበል ስታደርጉት ሸርተት ይላል። እዚህ ላይ እሳቱን ትታችሁ ጥቂት ተመልከቱት። አብዛኛው ሰው ይህን ደረጃ አይቶት አያውቅም፣ ምክንያቱም በችኮላ አልፎት ሄዷል።

ለምን ቀጠነ? የድኝ ሞለኪውል ስምንት አቶሞች ተያይዘው የሠሩት ቀለበት ነው። ቅርጹ ዘውድ ይመስላል፤ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ። በጠጣሩ ውስጥ እነዚህ ዘውዶች ተደርድረዋል። ሲቀልጥ ድርድሩ ይፈርሳል፣ ቀለበቶቹ ግን ገና አልተነኩም። ድቡልቡል ነገር በድቡልቡል ነገር ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ይፈሳል።

ማሞቁን ቀጥሉ፣ በዚያው ፍጥነት። ቀለሙ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወደ ቀይ ይሄዳል። ወደ 160 ዲግሪ ሲጠጋ ያልጠበቃችሁት ነገር ይመጣል። ድኙ ይወፍራል። ሌላው ፈሳሽ ሁሉ፣ ዘይቱም ማሩም፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። ይሄኛው ግን በሙቀት ላይ ሙቀት ስትጨምሩበት እንደ ሬንጅ ይያያዛል። 190 ዲግሪ ገደማ ላይ ከሁሉም በላይ የወፈረ ነው። ቱቦውን አሸዋው ትሪ ላይ ዘንበል፣ ዘንበል አድርጉት። አይወርድም። ጎኑን ተጣብቆ ይቀራል።

የሆነው ይህ ነው። ሙቀቱ ቀለበቶቹን በጠሳቸው። የተበጠሰ ቀለበት ሁለት ባዶ ጫፍ አለው። ጫፉ የሌላውን ጫፍ ይይዛል፣ ያኛው ሌላውን። በዚህ ዓይነት አንዱ ሰንሰለት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አቶሞች ሊኖሩት ይችላል። ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። የተቋጠረ ክር እንደማይፈታ ሁሉ እነሱም አይንሸራተቱም። ተማሪዎችን ቱቦውን ሳሳያቸው ዝም እላለሁ። “ለምን አይፈስም?” ብለው ራሳቸው እስኪጠይቁ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ቀለበቱና ስለ ሰንሰለቱ የምነግራቸው።

ከዚህም በላይ ስታሞቁት ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄድና እንደገና መፍሰስ ይጀምራል። ሰንሰለቶቹ ራሳቸው እየተበጣጠሱ አጠሩ ማለት ነው። የሚፈላው 445 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የቱቦው አፍ እሳት የሚይዘው ብዙ ጊዜ በዚህ መሐል ስለሆነ ጨርቁ ከእጃችሁ አይራቅ። ጥቁረቱ ሁሉ የድኙ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ቆሻሻ ካለበት ይበልጥ ይጠቁራል።

3. መርፌዎቹ

ለዚህ ሌላ ቱቦ አዘጋጁ። አሁን የምትፈልጉት ያንን የማር ቀለሙን ፈሳሽ ብቻ ነው። ልክ ቀልጦ እንዳለቀ፣ ሳይቀላ።

ማጣሪያ ወረቀት እጠፉና የሾጣጣ ቅርጽ አድርጉ፣ ጠርዙን በወረቀት መያዣ ያዙት። ሁለት የተደራረበ ቢሆን ይሻላል። በቀለበት መቆሚያ ላይ አስቀምጡት። የቀለጠውን ድኝ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት። ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ላዩ ላይ ቅርፊት ይሠራል። ከጠርዙ ወደ መሐል እየሮጠ ሲመጣ ታዩታላችሁ። ቅርፊቱ መሐል ላይ እንደገጠመ ጓንት በለበሰ እጅ ወረቀቱን ዘርጉትና ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ አሸዋው ላይ ድፉት።

ውስጡን እዩ። ረጃጅም፣ ቀጫጭን፣ የሚያብረቀርቁ መርፌዎች ከግድግዳው ወደ መሐል ወጥተዋል። ብርሃን ያሳልፋሉ። በአጉሊ መነጽር ካያችኋቸው ጎናቸው ልስልስ ነው። ይህ ሞኖክሊኒክ ድኝ ይባላል። አይልሃርድ ሚቸርሊክ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ1823 የለየው ነው። ከተለመደው ድኝ በአቶም አይለይም፣ በቀለበቱም አይለይም። የሚለየው ቀለበቶቹ በተደረደሩበት መንገድ ብቻ ነው።

ወረቀቱን አትጣሉት። ቀን ጽፋችሁበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ሞኖክሊኒክ ድኝ የሚረጋው ከ95 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። ከዚያ በታች ሌላው ድርድር፣ ሮምቢክ የሚባለው፣ ያሸንፋል። ስለዚህ መርፌዎቹ ቀስ በቀስ ጥራታቸውን ያጣሉ። የመርፌ ቅርጹ እንዳለ ሆኖ ውስጡ በጥቃቅን ሮምቢክ ክሪስታሎች ይሞላና ይደፈርሳል። በመጨረሻ ስትነኩት እፍኝ ዱቄት ይሆናል።

4. የሚለጠጠው ድኝ

በሁለተኛው ደረጃ እስከ ጥቁር ቡናማው ድረስ ያሞቃችሁት ቱቦ እንደገና በደንብ ሲፈስ፣ ሊፈላ ሲቃረብ፣ ትልቅ ቢከር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በቀጭኑ አፍስሱት። ክንዳችሁን እያዞራችሁ፣ እንደ ክር እያደረጋችሁ። ሽሽ ይላል፣ እንፋሎት ይወጣል። ፊታችሁን አርቁ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ላዩ ቢበርድም ውስጡ ትኩስ ሊሆን ስለሚችል በጉጠት አውጡት።

አሁን ሳቡት። ይለጠጣል። ልቀቁት፣ ይመለሳል። የላስቲክ ክር የያዛችሁ ይመስላችኋል። ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች ወደ ቀለበት ለመመለስ ጊዜ ሳያገኙ ድንገት ስለቀዘቀዙ እንደተጠማዘዙ ቀርተዋል። ስትስቡት ይዘረጋሉ፣ ስትለቁት ይሰበሰባሉ። እውነተኛው ጎማም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ጎማ ራሱ ጠንካራ የሚሆነው በድኝ ነው። በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ተጣባቂውን የዛፍ ጎማ ከድኝ ጋር አሞቀው። የድኝ አቶሞች የጎማውን ሰንሰለቶች እዚህም እዚያም እንደ ድልድይ አያያዟቸው። የመኪና ጎማ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

5. ማንደድ

የምስር ፍሬ የምታህል ድኝ ብቻ። ከዚያ አትለፉ። 1 ግራም ድኝ ሲነድ 2 ግራም ያህል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፣ ይህም በክፍል ሙቀት 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ጋዝ ነው። ለአንድ ክፍል ሰው ከበቂ በላይ ነው።

እጀታው ረጅም የሆነ የብረት ማንኪያ ላይ አድርጉት። እሳት ሲይዝ ክፍሉን አጨልሙት። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ በብርሃን ብዙም አይታይም። አፈ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ አስገብታችሁ በክዳን ከልሉት። ማሰሮው ውስጥ አስቀድማችሁ የራሰ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀትና አንድ ቀይ አበባ አድርጉ። ወረቀቱ ወዲያው ይቀላል፤ ጋዙ ከውሃ ጋር አሲድ ስለሚሠራ ነው። አበባው ይነጣል። ግን የነጣው ለዘለቄታው አይደለም። ጋዙ ከቀለሙ ጋር ስለሚጣመር ቀለሙ ጨርሶ አይጠፋም፣ ሊመለስ ይችላል።

ስትጨርሱ ማሰሮውን ደጅ አውጥታችሁ ክፈቱት።

6. ከብረት ጋር

7 ግራም የብረት ብናኝ ከ4 ግራም የድኝ ዱቄት ጋር ቀላቅሉ። መጠኑ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የብረት አቶም ክብደት 56፣ የድኝ 32 ነው። አካፍሉት፣ 7 ለ4 ይሆናል። ድብልቁ ላይ ማግኔት በወረቀት ጠቅልላችሁ አስጠጉ። ብረቱ ተለይቶ ይወጣል፣ ድኙ ይቀራል። ገና አልተዋሃዱም።

ከድብልቁ ሁለት ግራም ብቻ በትንሽ ቱቦ አድርጉ። አፉን ሙቀት በሚችል የማዕድን ሱፍ ላላ አድርጋችሁ ዝጉ፣ የድኙ እንፋሎት ወጥቶ እንዳይነድ። ከሥር አሙቁት። መቅላት እንደጀመረ እሳቱን አንሱ። ቅላቱ ግን አይቆምም። ያለ እሳት፣ በራሱ ሙቀት፣ ድብልቁን አቋርጦ ወደ ላይ ይሄዳል። ክፍሉን አጨልማችሁ ከሆነ የማይረሳ ትዕይንት ነው። ሲበርድ ጥቁር ግራጫ፣ ተሰባሪ ነገር ታገኛላችሁ። አይረን ሰልፋይድ ነው። ማግኔቱ እንደ በፊቱ ብረቱን ለይቶ አያወጣውም። በደንብ ካልተዋሃደ ግን ትንሽ ሊስበው ይችላል፤ ተማሪው ይህን ካየ ያየውን እንዲጽፍ ፍቀዱለት።

የተረፈውን ድብልቅ እርጥብ አድርጋችሁ አታስቀምጡ። ብረትና ድኝ ውሃ ሲያገኙ ለብቻቸው ሊሞቁ ይችላሉ። አይረን ሰልፋይዱ ላይ አሲድ አታፍስሱ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ አደገኛነቱ አፍንጫን ማታለሉ ላይ ነው። በትንሹ ይሸታል። ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ሰው “ሽታው ጠፋ” ብሎ ሲረጋጋ ጋዙ እዚያው አለ።

7. የብር ማንኪያና እንቁላል

ይህን ቤትም መሥራት ይቻላል። እንቁላል ጠንከር አድርጋችሁ ቀቅሉ፣ ሁለት ቦታ ቁረጡት፣ ከብር ማንኪያ ጋር በክዳን ዕቃ ዝጉት። ከሰዓታት በኋላ ማንኪያው መጀመሪያ ወርቅማ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ቆይቶ ጥቁር ይሆናል። እንቁላሉ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ብሩን ይዞት ሲልቨር ሰልፋይድ አደረገው። የብር ጌጥ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን መልሱት። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አልሙኒየም ፎይል አንጥፉ፣ በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ሁለት ሦስት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጡ፣ ማንኪያውን ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ አስገቡ። ካልነካ አይሠራም። በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁሩ ይለቃል፣ የእንቁላል ሽታም ትንሽ ይመጣል። አልሙኒየሙ ድኙን ከብሩ ወሰደ። በብሩሽ ስትፈትጉ ከብሩ ላይ ጥቂት ታነሳላችሁ። በዚህ መንገድ ግን ብሩ ተመልሶ እዚያው ይቀራል። ዕንቁ ወይም ድንጋይ ያለበትን፣ ወይም ሆን ተብሎ ቅርጹ እንዲታይ የጠቆረ ጌጥ ግን አታስገቡ።

ስትጨርሱ

የቀለጠ ድኝ መታጠቢያ ውስጥ አትድፉ፣ ቧንቧው ውስጥ ይረጋል። አሸዋው ላይ ይብረድና ጠጣሩን ሰብስባችሁ በሌላ ጊዜ ተጠቀሙበት። ድኝ የቀለጠበትን ቱቦ ለማጠብ አትድከሙ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለዚያው ሥራ አቆዩት። ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። አትንፉት፣ አየር ላይ የተበተነ የድኝ ብናኝ በብልጭታ ይነዳል።

የሚለጠጠውንም ድኝ ከመርፌዎቹ አጠገብ አስቀምጡት። በማግስቱ ሳቡት፣ በሦስተኛው ቀን ሳቡት። ሰንሰለቶቹ እየተፈቱ ወደ ስምንት አቶም ቀለበት ሲመለሱ ይደርቃል፣ ቡናማው ወደ ቢጫ ያደላል። አንድ ቀን ስትስቡት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ያ የሆነበትን ቀንና ሰዓት ከመርፌዎቹ ጎን ጻፉ።